ባሮን የማያሳይ መስኮት

እንግዳ ሲመጣ ወንበሩን ወደየት አዙረን እንደምናስቀምጥለት አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? በየቤታችን ደንብ ነው። ከሳሎኑ የተሻለው ነገር ወደሚታይበት፣ ፎቶግራፉ ወደተሰቀለበት፣ የሚያኮራን ነገር ወዳለበት ነው የምናዞርለት። ሆቴልም ቢሆን ከዚህ አይለይም። አልጋና ሳሙና ያቀርባል፤ ከዚያ በተረፈ ግን «እኛ የምንኮራበት ይኸ ነው፣ እይልን» የሚል አንድ መስኮት አለው። ለዚህ ነው የአንድ አገር የታሪክ አስተያየት ከመጽሐፍት ይልቅ አንዳንዴ በሆቴሎቿ መስኮቶች የሚነበበው የምለው።

በቅርቡ ጋምቤላ ከተማ ሦስት ሌሊት አደርሁ። ያረፍሁበትን ሆቴል ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለምና። ክፍሌ ንጹሕ ነበር። አጎበሩ አልተቀደደም፤ ቬንቲሌተሩም ቢያቃስትም ይዞራል። ባሮ ከሆቴሉ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። መስኮቴ ግን የሚያየው ጄኔሬተሩንና የወጥ ቤቱን ጓሮ ነበር። የመመገቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሦስት ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስና የፋሲል ግንብ። ስለ ጋምቤላ አንድም ነገር የለም። ምሳ ያዘዝሁ ዕለት ዓሣ ይኖር እንደሆነ ብጠይቅ «ዛሬ ጥብስና ፓስታ ነው» ተባልሁ። ወንዙ እዚያው፣ ዓሣውም በወንዙ ውስጥ!

አንባቢ «ሆቴል እንጂ ቤተ መዘክር አይደል፣ ምን አስጨነቀህ?» ሊለኝ ይችላል። መልሴን ከሰሜኑ እጀምራለሁ። የመንግሥት ሆነው የተሠሩትን የጎንደሩን ጎሃን፣ የላሊበላውን ሮሃን፣ የአክሱሙን የሃን አስታውሱ። ጎሃ ከኮረብታው ላይ ተቀምጦ ከተማውን ከነግንቡ ቁልቁል ያሳያል። የአክሱሙም ከከፍታው ሆኖ ወደ ሐውልቶቹ ይመለከታል። ስማቸውም ያስተምራል። ሮሃ የላሊበላ የጥንት መጠሪያ ነው፤ የሃ ደግሞ ከአክሱም መንግሥት በፊት የቆመው ቤተ መቅደስ ያለበት ሥፍራ ነው። እንግዳው ቁልፉን ሲቀበል ታሪኩን አብሮ ይቀበላል። እነዚያን ቤቶች ያቀዱ ሰዎች ወንበሩን ወዴት እንደሚያዞሩ ያውቁ ነበር። ጋምቤላ ላይ ግን ወንበሩ ጀርባውን ለታሪኩ ሰጥቷል።

ታሪኩስ ምንድን ነው? ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት የጠረፍ ውል፣ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ቆመ። ከካርቱም የተነሡ በእንፋሎት የሚሄዱ ጀልባዎች በዓባይ፣ በሶባትና በባሮ ሽቅብ እየቀዘፉ ጨውና አቡጀዲ አምጥተው፣ ቡናና ሰም ጭነው ይመለሱ ነበር። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎችም ሱቅ ከፈቱ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ይህን ንግድ በጥናታቸው በሰፊው መርምረውታል።

የዚህ ወደብ ጠባይ ደግሞ ልብ ወለድ የሚመስል ነው። ጀልባ የሚገባው ባሮ ሲሞላ፣ በክረምት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ግን የደጋው መንገድ በጭቃ ይዘጋል። ስለዚህ ቡናው በበጋ ከጎሬ በቡሬ በኩል ወርዶ፣ መጋዘን ገብቶ፣ ዝናቡን ይጠብቃል። ከተማዋ እንግዲህ የመጠበቂያ ከተማ ነበረች ማለት ነው። የመጀመሪያው የጋምቤላ «ሆቴል» ያ መጋዘን ነው ብል አላጋነንሁም፤ እንግዳው ቡና ነበር።

ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ከጣሊያን እጅ ያወጡት ከቤልጂክ ኮንጎ የዘመቱ አፍሪካውያን ወታደሮች ናቸው። ስንቶቻችን ይህን በትምህርት ቤት ተምረናል? በመጨረሻም ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ጀልባዎቹም እያደር ቀሩ። ኢትዮጵያ በገዛ መሬቷ ላይ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የባዕድ ባንዲራ የተሰቀለበት ጣቢያ አስተናግዳ፣ ያለ ጦርነት ተረከበችው። ይህ ከታሪካዊ መዝገባችን ሊወጣ የሚገባው ነገር ነው?

በሁለተኛው ቀን የእንግዳ መቀበያውን ወጣት «ድሮ መርከብ የሚቆምበት የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለመታጠብ ነው ጋሼ? አዞ አለ፣ ይጠንቀቁ» አለኝ። ሳቅሁ። ማታ ግን ራሱ መጣና፣ አያቱ አኝዋ መሆኗንና የመርከቡ ጩኸት ሲሰማ ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ወደ ዳር ይወርዱ እንደ ነበር ታወራለት እንደ ነበር ነገረኝ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ። ያን ጊዜ የሳቅሁበት ሳቅ አሳፈረኝ።

አሳፋሪው ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። እኔ ራሴ ስለ ጋምቤላ የማውቀው ከውል፣ ከጭነት ሰነድና ከነጋዴ ስም ነው። ስለ ኑዌርና ስለ አኝዋም ያነበብሁት ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1940 ካሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት ነው፤ እሱም ያጠናቸው ከሱዳን በኩል ሆኖ ነው። እንግዲህ የእኔም መስኮት ከዚያ ሆቴል አልተሻለም። ነጋዴውን ያያል፣ መጋዘኑን ያያል፤ ጀልባው ከመምጣቱ በፊትም፣ ከሄደም በኋላ ወንዙ ዳር የኖረውን ሰው ግን አያይም። ቅርሱን «የእንግሊዝ ወደብ» ብለን ብቻ ከጠራነው ሁለተኛ ጊዜ አከራየነው ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ሐውልት ይቁም ለማለት አይደለም። ከድሮው ወደብ የተረፈው ጥቂት ነው፤ እንደ አክሱም ሰማይ የሚነካ ነገር የለም። ለዚህ ነው ቦታው ተናጋሪ የሚያስፈልገው። አክሱም ዝም ብንልም ድንጋዩ ይናገራል፤ ባሮ ዳር ግን ሰው ካልተናገረ ውሃው ብቻ ይፈስሳል። ያ ሆቴል ምን ያህል ወጪ ያወጣ ነበር? አንድ የድሮ ካርታ፣ አንድ የጀልባ ፎቶግራፍ፣ በአማርኛ፣ በአኝዋና በኑዌር ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ታሪክ፣ ከባሮ የወጣ አንድ ዓሣ በሰሃን ላይ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዚያን ወጣት አያት የመሰሉ አረጋውያን ሳያልፉ ትዝታቸውን የሚመዘግብ ሰው። ይህ የመጨረሻው የሆቴሉ ሥራ አይደለም፤ የእኛ፣ ብዕር ያነሣን ሰዎች ሥራ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሂሳቤን ከፍዬ ከመሄዴ በፊት ወጣቱን ይዤ ወደ ወንዙ ወረድሁ። ልጆች ይዋኛሉ፣ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ድልድዩ ወዲያ ይታያል። «እዚህ ይመስለኛል ትል ነበር» አለና በጣቱ አሳየኝ። «ይመስለኛል» የምትለዋ ቃል ናት ያሳሰበችኝ። ከአንድ ትውልድ በኋላ እሷም አትኖርም።