ከዘንዶዋ ይልቅ መንደሩ
«ኤልደስት» የተሰኘው ልቦለድ ሲገመገም

ዘንዶ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሰው የሚውጥ ትልቅ እባብ ነው። በአሜሪካዊው ደራሲ በክሪስቶፈር ፓኦሊኒ ልቦለዶች ውስጥ ያለችው ሳፊራ ግን ክንፍ አላት፤ ከጋላቢዋ ከወጣቱ ኤራጎን ጋርም በሐሳብ ትነጋገራለች። ደራሲው የመጀመሪያውን መጽሐፍ «ኤራጎን»ን መጻፍ የጀመረው ገና በ15 ዓመቱ ነው። ሁለተኛው «ኤልደስት» በ2005 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ሁለተኛ መጽሐፍ መቼም ችግር አያጣውም፤ ታሪኩ ከመሐል ተጀምሮ መሐል ላይ ይቆማል። እዚህም ኤራጎን ከአዛውንቱ መምህር ከኦሮሚስ ዘንድ የሚማርባቸው ምዕራፎች በዝተው አንዳንዴ ያሰለቻሉ። ቢሆንም የቋንቋ መምህራን አንድ ቦታ እንዳያልፋችሁ። ኤራጎን ቀደም ሲል አንዲት ሕፃን በጥንታዊው ቋንቋ መርቆ ነበር። ከክፉ ነገር እንድትጠበቅ ሊመርቃት ፈልጎ፣ በአንዲት የሰዋስው ስህተት ለሌሎች ጋሻ እንድትሆን አደረጋት። ልጅቷም የሰውን ሕመም ሁሉ ተሸካሚ ሆነች። ሰዋስው ምን ያደርጋል ለሚል ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም!

የመጽሐፉ ልብ ያለው ግን ዘንዶ በሌለበት በኩል ነው። የኤራጎንን የአጎት ልጅ ሮራንን ለመያዝ የንጉሡ ወታደሮች ካርቫሆል ወደተባለች መንደር ይመጣሉ። ሕዝቡ ዛፍ ቆርጦ ያጥራል፣ ይዋጋል፤ እንደማይዘልቀው ሲያውቅ ግን ተራራ አቋርጦ፣ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ሱርዳ ይሰደዳል። ደራሲው ስደቱን በሁለት መስመር አልጨረሰውም። እንውጣ ወይስ እንቆይ የሚለውን ክርክር፣ ቤትን ጥሎ መሄድን፣ የመንገዱን ድካም በደንብ ጽፎታል። ይህን ኑሮ የምናውቅ ሰዎች «ልክ ነው» እንላለን።

ታዲያ ጉድለቱ ምንድን ነው? ሮራን ሰዉን የሚያሳምነው ስለ ሁሉም ደኅንነት እየተናገረ ነው፤ በልቡ ግን የተወሰደችበትን እጮኛውን ካትሪናን ማስመለስ አለ። ደራሲው ይህን አልደበቀም፣ ሮራንም ይከብደዋል። ችግሩ ጉዞውን የምናየው በመሪው ዓይን ብቻ መሆኑ ነው። የአንጥረኛው የሆርስት ሚስት ኢሌን እኮ ነፍሰ ጡር ሆና ነው የምትሰደደው! እሷ ሌሊት ምን ታስብ እንደነበር አናውቅም። የተሰደደ ሕዝብ ታሪክ ደግሞ የመሪው ታሪክ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ መጽሐፉን አግኝታችሁ አንብቡት። መጽሐፉ ወፍራም ስለሆነ ሁለት ሦስት ሆኖ ማንበቡ ይቀላል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ተማሪዎች ሆይ፣ የኢሌንን ጉዞ በራሷ አንደበት አንድ ገጽ ጻፉ። ደራሲው የተወውን ክፍል ከእኛ የተሻለ የሚያውቀው ማን አለ?

መልካም ንባብ!