ማነቃቃት ብቻውን ማዳን አይደለም

ስለ አዳዲስ የካንሰር መድኃኒቶች ሲወራ አንድ አባባል ሳትሰሙ አትቀሩም፤ «የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ያነቃቃሉ» ይባላል። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። ሰሚው «ብዙ ሲነቃቃ ብዙ ይድናል» ብሎ እንዲደመድም ያደርጋል። በጡት ካንሰር ላይ የተሠሩት ትልልቅ ጥናቶች ይህን ድምዳሜ አይደግፉም። እስቲ ለምን እንደሆነ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ብግነት የሚባለውን ነገር እንረዳ። እጃችሁ ሲቆረጥ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። የመከላከያ ሴሎች ሳይቶካይን በሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች እየተጠራሩ ስለሚመጡ ነው። ሥራቸውን ጨርሰው ሲበተኑ ቁስሉ ይሽራል። ካንሰር ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ጥሪው አይቆምም። ሃሮልድ ድቮራክ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1986 ዕጢን ከማይሽር ቁስል ጋር ያመሳሰለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ጥሪው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ኢንተርሊውኪን 6 ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የካንሰር ሴሎች እንዳይሞቱና እንዲባዙ ሊያግዝ ይችላል። ኢንተርፌሮን ጋማ በተቃራኒው ቲ-ሴል የተባሉት ተዋጊዎች ካንሰሩን ለይተው እንዲያጠቁ ይረዳል። ግን ያው ኢንተርፌሮን ጋማ የካንሰሩ ሴል ፒዲ-ኤል 1 የሚባል ፕሮቲን እንዲያወጣ ያደርገዋል። ይህ ፕሮቲን ለቲ-ሴሉ ፍሬን ነው። ማለትም አንዱ መልእክት ውጊያውን ያስነሳል፣ መልሶም ያስቆማል።

ፔምብሮሊዙማብና አቴዞሊዙማብ የተባሉት መድኃኒቶች ይህን ፍሬን ያስለቅቃሉ። ልብ በሉ፣ ሞተር አያስነሱም። ዕጢው ውስጥ ቲ-ሴል ከሌለ ፍሬን መልቀቁ ብዙም አይጠቅምም። «ያነቃቃል» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት በጥናቶቹ ውጤት ይታያል። ትሪፕል ኔጋቲቭ የሚባለው የጡት ካንሰር በሆርሞን መድኃኒትም ሆነ ኸር 2ን ዒላማ ባደረገ ሕክምና የማይታከም ነው። ኢምፓሽን 130 የተባለው ጥናት ይህ ካንሰር የተሰራጨባቸውን 902 ታማሚዎች አሳተፈ። ፒዲ-ኤል 1 በተገኘባቸው ታማሚዎች፣ ከናብ-ፓክሊታክሴል ኬሞቴራፒ ጋር አቴዞሊዙማብ ሲጨመር በሽታው ሳይባባስ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ 7.5 ወር ሆነ፤ ያለ አቴዞሊዙማብ 5.0 ወር ነበር። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2019 ቶሎ ፈቀደው። ከዚያ ኢምፓሽን 131 መጣ። 651 ታማሚዎች ተሳተፉ፤ ዋናው ለውጥ ኬሞቴራፒው ተራ ፓክሊታክሴል መሆኑ ነበር። ውጤቱስ? 6.0 ወር በ5.7 ወር፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። በ2021 አምራቹ ኩባንያ መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ ለጡት ካንሰር የነበረውን ፈቃድ ራሱ አነሳ።

ለምን ተለያዩ? አንድ ደስ የሚል መላምት ቀረበ። ፓክሊታክሴል አለርጂ እንዳያስነሳ ከስቴሮይድ ጋር ይሰጣል፤ ስቴሮይድ ደግሞ ብግነትን ያበርዳል፤ ስለዚህ የተለቀቀው ጥቃት አብሮ በረደ ተባለ። ታሪኩ ያምራል። ግን ኪኖት 355 በተባለው ጥናት ፓክሊታክሴል ከተፈቀዱት ሦስት የኬሞቴራፒ አማራጮች አንዱ ነበር፤ ፔምብሮሊዙማብ ሲጨመር ፒዲ-ኤል 1 ከፍ ባለባቸው ታማሚዎች መካከለኛው ጊዜ ከ5.6 ወደ 9.7 ወር ከፍ አለ። ስለዚህ የስቴሮይዱ መላምት ብቻውን ነገሩን አይፈታውም። የሚጥም ማብራሪያ ማስረጃ አይደለም።

ሦስተኛው ጉድለት ጥድፊያ ነው። ኪኖት 522 በጊዜ የተገኘ ትሪፕል ኔጋቲቭ ካንሰር ያለባቸውን 1174 ታማሚዎች አሳተፈ። መጀመሪያ በታየው ውጤት፣ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ወራሪ ካንሰር ያልተገኘባቸው ፔምብሮሊዙማብ ከወሰዱት 64.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 51.2 በመቶ ነበሩ። ብዙ ታማሚዎች ሲቆጠሩ ልዩነቱ ጠበበ፤ 63.0 በ55.6 ሆነ። በየካቲት 2021 የኤፍዲኤ አማካሪዎች 10 ለ0 ድምፅ ሰጥተው «እንጠብቅ» አሉ። መጠበቁ ጠቀመ። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 86.6 በመቶ በ81.7 በመቶ መሆኑ ታወቀ። ይህ እውነተኛ ድል ነው፤ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም።

ግን ዋጋውም ይነገር። ከበሽታ መከላከል ሥርዓቱ ጋር የተያያዘ ጉዳት መድኃኒቱን ከወሰዱት 33.5 በመቶ፣ ካልወሰዱት 11.3 በመቶ ላይ ታይቷል። ከእነዚህ መካከል የታይሮይድ ዕጢያቸው ተጎድቶ ሆርሞን ዕድሜ ልክ የሚወስዱ አሉ። ሌላው ቅሬታዬ የጥናቱ አሠራር ነው። መድኃኒቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ስለተሰጠ፣ ካንሰሩ ቀድሞ የጠፋላት ሴት የኋለኛው ዙር ያስፈልጋት እንደሆነ ጥናቱ ሊነግረን አይችልም። ያለጥቅም ለጉዳት እየተጋለጠች ሊሆን ይችላል።

የደም ምርመራ ይህን አይፈታም ወይ? ብዙም አይደለም። ኢንተርሊውኪን 6 በኢንፌክሽን፣ በውፍረት፣ በቀዶ ሕክምናም ይጨምራል። ደም ውስጥ የተለካው ነገር ዕጢው ውስጥ የሚሆነውን ላያሳይ ይችላል። «ሳይቶካይኑ ጨመረ» ማለት «ታማሚዋ ተሻላት» ማለት አይደለም። በ2006 ለንደን ውስጥ ቲጂኤን 1412 የተባለ ቲ-ሴልን በቀጥታ የሚቀሰቅስ መድኃኒት ለስድስት ጤነኛ ፈቃደኞች ተሰጥቶ ነበር። ሳይቶካይናቸው በሰዓታት ውስጥ አሻቀበ፤ ስድስቱም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ማነቃቃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ የተሻለው መድኃኒት እሱ ነበር።

እና ቀጣዩን «ያነቃቃል» የሚል ዜና ስታነቡ ቆም በሉ። የትኛውን መልእክት፣ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ? የተለካው የደም ቁጥር ነው ወይስ ዕድሜና ጤና? ጉዳቱስ ተቆጥሯል? ዜናው ለነዚህ መልስ ከሌለው ገና አላለቀም ማለት ነው። በተለይ ዜናውን ለታመመች እናት ወይም አክስት ልትልኩ ስትሉ ይህን አስቡ፤ እሷ የምትፈልገው የነቃ ሰውነት ብቻ አይደለም፣ የዳነ ሰውነት ነው።