በመቶኛ ጥያቄዎች ውስጥ የ«ከ»፣ የ«በ»ና የ«ወደ» አገባብ

ለክልላዊ ፈተና ለሚዘጋጁ ተማሪዎች ታስቦ በአማርኛ የተጻፈ አንድ የሒሳብ መልመጃ መጽሐፍ በቅርቡ ደርሶን ስለ መቶኛ የሚያስረዳውን ምዕራፍ ተመልክተናል። የስሌቱ ጉዳይ የሒሳብ ሊቃውንት ስለ ሆነ ለመተቸት ያሰብነው ቋንቋውን ብቻ ነበር። ምዕራፉን አንብበን ስንጨርስ ግን ሁለቱን መነጣጠል እንዳሰብነው ቀላል ሆኖ አላገኘነውም፤ ማካፈልና ማባዛት አሳምሮ የሚያውቅ ተማሪ ጥያቄውን የሚስተው ብዙውን ጊዜ በአንዲት መስተዋድድ ምክንያት ነውና።

አስቀድሞ ስለ ስያሜው ጥቂት እንበል። መጽሐፉ ያንኑ አንድ ነገር በአንዱ ገጽ «ፐርሰንት»፣ በሌላው «በመቶ»፣ በሦስተኛው «መቶኛ» ይለዋል። «ፐርሰንት» ከላቲኑ «ፐር ኬንቱም» የመጣ ሲሆን «በመቶ» የዚሁ የቅርብ አቻ ስለ ሆነ በሁለቱ ላይ ክርክር የለንም። «መቶኛ» ግን ጥንቃቄ ይሻል። «-ኛ» የተባለው ምዕላድ ተራ ቁጥርንም ክፍልፋይንም ስለሚመሠርት «አምስት መቶኛ» በተራ አምስት መቶ ላይ የሚገኘውን ወይም ከመቶ አምስቱን ሊያመለክት ይችላል። ስለዚህ «መቶኛ» የጽንሰ ሐሳቡ መጠሪያ ሆኖ ቢቀር፣ ከቁጥር ጋራ ሲሆን ግን «በመቶ» ቢባል እንመርጣለን። «እጅ»ም እንዲሁ መንታ ነው፤ «ከአምስት እጅ አንዱ» ሲባል ክፍልን፣ «አምስት እጅ በለጠ» ሲባል ደግሞ ብዜትን ያሳያል።

ቋንቋችን ስለ ድርሻ መናገርን ከላቲን አልተማረም። «አሥራት»፣ «ሲሶ»፣ «እርቦ» የቆዩ ቃላት ናቸው፤ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ «ሲሶ አራሽ» የተባለ ሰው የምን ሲሶ እንደሚጠየቅ አይጠፋውም ነበር፤ እህሉ አውድማው ላይ ተከምሮ ይታያልና። «20 በመቶ» ግን ክምሩን አያሳይም። የምን 20 በመቶ እንደ ሆነ የሚነግረን ዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነው።

የመጽሐፉም ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው። አዘጋጆቹ «ቁልፍ ቃል» የሚሉትን ዘዴ ይመክራሉ፤ ይኸውም «ጨመረ» ካለ ደምር፣ «ቀነሰ» ካለ ቀንስ ማለት ነው። ይህን ምክር የተቀበለ ተማሪ በዚያው ምዕራፍ የሚከተለው ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ «በ20 በመቶ ተቀንሶ በ480 ብር የተሸጠ ጫማ የቀድሞ ዋጋው ስንት ነበር?» ቁልፍ ቃሉን የተከተለ የ480ን 20 በመቶ፣ ማለትም 96 ብርን፣ ቀንሶ 384 ይላል። ትንሽ ያስተዋለ ደግሞ 96ን ደምሮ 576 ይላል። መልሱ 600 ነው፤ 480 የቀድሞው ዋጋ 80 በመቶ ነውና።

ተማሪው ለምን 480ን ያዘ? የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ገላጩን አስቀድሞ የሚገለጸውን ያስከትላል። በዚህም ጥያቄ «20 በመቶ» የሚለው መጀመሪያ ሲመጣ፣ የእርሱ መነሻ የሆነው «የቀድሞ ዋጋ» መጨረሻ ላይ፣ ያውም ያለ አኃዝ ይመጣል። አንባቢው በመካከል ያገኘውን ብቸኛ የብር መጠን ቢጨብጥ አይፈረድበትም። ጥያቄው እንዲህ ቢጻፍ ኖሮስ? «አንድ ጫማ ዋጋ ወጥቶለት ነበር። ከዚህ ዋጋ 20 በመቶው ተቀነሰና ጫማው በቀሪው፣ በ480 ብር ተሸጠ። የቀድሞው ዋጋ ስንት ነበር?» ስሌቱ አልቀለለም። «በመቶው» በሚለው ላይ የተጨመረችው «-ው» ግን ወደ ኋላ ተመልሳ የምን 20 በመቶ እንደ ሆነ ትጠቁማለች። ፈተናው ሒሳብን የሚለካ ከሆነ መለካት ያለበት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

«ከ»ም እንደዚሁ ትምህርት ሰጪ ናት። «የአልማዝ ደመወዝ ከከበደ ደመወዝ በ25 በመቶ ይበልጣል፤ የከበደ ከአልማዝ በስንት በመቶ ያንሳል?» ለሚለው ብዙዎች 25 ብለው ይመልሳሉ። «ይበልጣል» እና «ያንሳል» በትክክል ተቃራኒ ስለ ሆኑ ቋንቋው ራሱ ቁጥሩም ያው ነው የሚል ያስመስላል። ሆኖም «ከ» የምታርፍበት ስም ተለውጧል፤ በመጀመሪያው የከበደ 100፣ በሁለተኛው የአልማዝ 125 መነሻ ሆኗል። 25 ለ125 ሲካፈል 20 በመቶ ነው። በማወዳደሪያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ከ» የወደቀችበት ስም አካፋዩ ነው የሚል አንድ መስመር ለተማሪው ከቁልፍ ቃሉ ዝርዝር ሁሉ በበለጠ ይጠቅመው ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 በመቶ የሚከፈለውን የተጨማሪ እሴት ታክስ በሚመለከተው ጥያቄም ስሕተቱ ያው ነው፤ ታክሱን ጨምሮ 1,150 ብር የሆነው ዕቃ ያለ ታክስ 1,000 ብር ሲሆን፣ ከ1,150 ላይ 15 በመቶ የቀነሰ ግን 977.50 ያገኛል።

ስለ «ወደ» የምንለው ከዚህ ይከፋል፤ እዚህ ጥፋቱ የተማሪው አይደለምና። «ወደ» መድረሻን ታመለክታለች፤ «ወደ ሃያ ሰዎች» ስንል ግን ግምትን ነው። መጽሐፉ 200 አባላት ካሉት ማኅበር 20 በመቶው ሴቶች እንደ ነበሩ ከገለጸ በኋላ «ጠቅላላው ቁጥር ሳይለወጥ የሴቶቹ ቁጥር ወደ 30 በመቶ አደገ፤ ስንት ሆኑ?» ይላል። ደረሰ ለማለት ከሆነ 60 ናቸው፤ 30 በመቶ ያህል ጨመረ ለማለት ከሆነ ከ40 ተነሥተው 52 ሆነዋል። «30 በመቶ ደረሰ» ወይም «በ30 በመቶ አደገ» ማለት ይቻል ነበር። ከቀረቡት አማራጮች መካከል 52ም 60ም ይገኛሉ። በመጽሐፉ መጨረሻ ትክክል የተባለው 60 ነው፤ 52ን የመረጠውን ተማሪ ግን አማርኛውን ስተሃል ለማለት የሚያበቃ ምክንያት አላገኘንም።