ድምፅ አልባው ዐይኑ «ዐ»

የአማርኛ ጽሑፍ አራሚ ቀይ እስክሪብቶውን ደጋግሞ ከሚያሳርፍባቸው ቃላት መካከል «ርዕስ» እና «ትዕዛዝ» ግንባር ቀደሞቹ ሳይሆኑ አይቀሩም። በየጋዜጣውና በየደብዳቤው በዐይኑ «ዕ» ተጽፈው ይገኛሉ። ሁለቱም ግን የአልፋው «እ» ገንዘብ ናቸው፤ «ርእስ» የ«ራስ» ዘመድ ነው፣ «ትእዛዝ» ደግሞ «አዘዘ» ከሚለው ግስ ይወጣል። በአንጻሩ «ትዕግሥት» እና «ትዕቢት» ዐይኑን በርስትነት ይዘውታል፤ አንዱ ከ«ዐገሠ»፣ ሌላው ከ«ዐበየ» ነውና። ጆሮ እዚህ ላይ አይረዳም። አራቱን ቃላት ጮክ ብሎ ላነበበ አማርኛ ተናጋሪ አንዲት ልዩነት አትሰማውም። የአራሚው ዳኝነት በማይሰማ ድምፅ ላይ ነው።

ድምፁ ግን ከምድር አልጠፋም። ትግርኛ ተናጋሪው «ዓይኒ» ሲል፣ ዐረቡም «ዐይን» ሲል ከጉሮሮ ተጨምቆ ይወጣል። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የባስራው ሊቅ አል ኸሊል ኢብን አሕመድ የዐረብኛን መዝገበ ቃላት ሲያቅድ የተለመደውን የፊደል ተራ ትቶ ድምፆችን ከጉሮሮ እስከ ከንፈር በሚወጡበት ስፍራ ደረደረ። ከሁሉ ያስቀደመው ይህንኑ ድምፅ ስለነበር መጽሐፉ «ኪታብ አል ዐይን» ተባለ።

ስሙ ዐይን፣ መልኩም በመጀመሪያ ዐይን ነበር። በ1905 እ.ኤ.አ. አርኪዮሎጂስቱ ፍሊንደርስ ፔትሪ በሲና፣ ሰራቢት አል ኻዲም በተባለው ጥንታዊ የቱርኩዋዝ ማዕድን ስፍራ የግብፅ ሥዕላዊ ጽሕፈት የሚመስሉ፣ ግን በግብፅኛ የማይነበቡ ቅርጾች አገኘ። ከ11 ዓመት በኋላ የጥንታዊ ግብፅኛ ሊቁ አላን ጋርዲነር ተደጋግመው የሚመጡ አራት ምልክቶችን በሴማዊ ስማቸው ጠራቸው፦ ቤት፣ ዐይን፣ ላዊ፣ ታዊ። ሲጋጠሙ «በዐለት»፣ ማለትም «እመቤት» ሆኑ፤ የማዕድን ሠራተኞቹ የሚማጸኗት አምላክ መጠሪያ ናት። ሁለተኛዋ ምልክት የሰው ዐይን ሥዕል ነበረች።

ፊንቄያውያን ብሌኑን አስወግደው ክቡን ብቻ አስቀሩ። ግሪኮች ፊደሉን ከእነርሱ ሲወስዱ ድምፁ በቋንቋቸው ስላልነበረ ክቡን ለ«ኦ» አናባቢ ሰጡት። ቅርጹና የተራ ቦታው ግን አልተነካም። በዕብራይስጥ ዐይን፣ በግሪክ ኦሚክሮን፣ በዐረብኛም ዐይን በቁጥርነት ሲያገለግሉ ዋጋቸው አንድ ነው፤ 70።

የአክሱም ነገር የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ክቡ ዐይን በደቡብ ዐረብ ፊደል በኩል መጥቶ የግእዝ «ዐ» ሆነ። የግእዝ ቁጥሮች ደግሞ ከግሪክ ፊደላት የተወሰዱ ናቸው፤ ስለዚህ ፸ የኦሚክሮን ልጅ ነው። የሲናው ዐይን በሁለት በር ገብቶ በአንድ ብራና ላይ ከራሱ ጋር ተገናኘ፤ አንዴ ፊደል ሆኖ፣ አንዴ ቁጥር ሆኖ። ከሁሉም የ«ዐ» ታሪኮች ይህን የሚያህል ያለ አይመስልም።

በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የንጉሥ ዔዛና የድንጋይ ጽሑፍም ምስክር ነው። አንዱ ሐሳብ በግእዝ ፊደል፣ በደቡብ ዐረብ ፊደልና በግሪክኛ ተቀርጿል። በሁለቱ ላይ የንጉሡ ስም በዐይኑ ይጀምራል፤ ግሪክኛው የሚጽፍበት ፊደል ስለሌለው ድምፁን ዘሎ በአናባቢ ይነሣል። ዛሬ «ኢዛና» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሳያውቀው የግሪኩን ጸሐፊ ተከትሏል።

ለቁም ጸሐፊ «ዐ» ቀላል መስሎ የሚያስቸግር ፊደል ነው። ብርዕ ወደ ላይ ሲገፋ ብራናውን ይቧጥጣል፤ ስለዚህ ክቡ በአንድ ዙር አይጠናቀቅም፣ ግራና ቀኙ ለየብቻ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። መጋጠሚያው ካልተስተካከለ ወዲያው ያጋልጣል፤ መሃሉ ባዶ ነውና የሚሸሸግበት ሌላ መስመር የለም። በቁም ከከፈሉት «ወ»ን፣ በአግድም ከከፈሉት «ፀ»ን ይመስላል።

የአይሁድ ጸሐፍት ለዚህ ፊደል የተለየ ወግ አላቸው። «እስራኤል ሆይ፥ ስማ» የሚለው የኦሪት ዘዳግም ቃል ሲጻፍ የ«ሼማዕ» መጨረሻ የሆነው ዐይን ከሌሎቹ ገዝፎ ይቀመጣል። በመዝሙር 80 ደግሞ «ጫካ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለው ዐይን ከመስመሩ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል። ድምፁን መሳትም ቀልድ አልነበረም፤ አሌፍን ዐይን፣ ዐይንን አሌፍ የሚያደርጉ የቤት ሼአንና የሓይፋ ሰዎች ጸሎት እንዳይመሩ ታልሙድ ይከለክላል። በዚያ ሕግ ብንዳኝ ከአማርኛ ተናጋሪ መሪ የሚሆን መገኘቱ ያጠራጥራል!

በግእዝ ስሕተቱ ትርጉም ያፋልሳል፤ «ዓመት» ዘመን ነው፣ «አመት» ደግሞ ገረድ። በአማርኛ እንዲህ ያለው አደጋ እምብዛም ነው። ሞክሼ ሆሄያት ይቀነሱ የሚሉ ሰዎች ክርክር የሚጠነክረውም በዚሁ ነው፤ ልጅ አንድ ድምፅ ለመጻፍ «አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ» ብሎ አራት ምርጫ ለምን ይሸከማል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን «ምዕራፍ»ን ከ«ዐረፈ»፣ «ምዕራብ»ን ከዕብራይስጡ «ማዐራብ» ጋር የሚያያይዘው ክር የሚታየው በፊደሉ ብቻ ነው። ከመቀነሱ የከፋው ደግሞ መዘባረቁ ነው፤ በአንድ ገጽ «ዓለም»፣ በሚቀጥለው «አለም» የሚል መጽሐፍ ሥርዐተኛውንም ተሐድሶ ፈላጊውንም አያስደስትም።

ኮምፒውተር ነገሩን አክርሮታል። «አለም» ብሎ የፈለገ ሰው «ዓለም» የተጻፈበትን ሰነድ ሊያጣው ስለሚችል፣ የአማርኛ ጽሑፍ የሚያቀናብሩ ባለሙያዎች ለፍለጋ ሲሉ አራቱን ወደ አንድ ያጥፋሉ። ለማሽኑ ማውጫ ይህ ብልሃት ነው፤ የታተመውን ገጽ ግን መንካት የለበትም። የዱባይና የቤይሩት ወጣቶች በበኩላቸው ዐረብኛን በላቲን ፊደል ሲጽፉ ለዐይን ቅርጹን የሚመስል ቁጥር መረጡለት፤ 3ን።

አራሚው የማይነካው አንድ ነገር አለ፤ የሰው ስም። በመታወቂያውና በባንክ ደብተሩ «አለሙ» የተባለውን ሰው ሥርወ ቃሉን ጠቅሶ «ዓለሙ» ማድረግ ሥልጣኑ አይደለም። ከፈለገ ባለቤቱን ደውሎ ይጠይቅ።