የተጓዦች ፎቶግራፍና የቈላው ብርሃን

ሥዕል የሚማር አንድ ጓደኛችን፥ ተጓዦች ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ያነሧቸውን ባለቀለም ፎቶግራፎች እየሰበሰበ የገንዳ ውሃን ቈላ ከእነርሱ እያየ ይሥላል። ከፎቶግራፎቹ ብዙ መማሩን አንክድም። ነገር ግን ከዚሁ ተነሥቶ፥ የጥንት ሠዓሊዎቻችን ጥላ የማይሥሉት ብርሃንን ስለማያውቁ ነው ሲል የሰጠውን ፍርድ ልንቀበለው አልቻልንም። እንዲያውም እነዚያው ፎቶግራፎች በደንብ ቢታዩ ለጥንቶቹ ይመሰክራሉ እንላለን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ከስብስቡ አንዱ በሚያዝያ ቀትር የተነሣ ነው። አንድ ሰው የማሽላ ጆንያ ተሸክሞ መንገድ ያቋርጣል፤ ጥላው ግን ከእግሩ ሥር የወደቀ ትንሽ ጥቁር ነገር ብቻ ነው። ይኸ የአንሺው ጥፋት አይደለም። ገንዳ ውሃ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፥ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ይኸውም በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፥ ከአናት በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመና ይጋርደዋል፤ በሚያዝያው ግን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ የቆመ ምሰሶ ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ሰዎቹ ያለ ጥላ በድፍን ቀለም መቆማቸው ከዚህ ብርሃን የተቀዳ ነው ለማለት አንደፍርም። ሆኖም ጥላ የሌለው ሥዕል ከተፈጥሮ ውጭ ነው የሚል ሰው በሚያዝያ ቀትር ወደ ቈላው ይውረድ።

ዋናው ክርክራችን ግን በጥላው ቀለም ላይ ነው። ካሜራ እንደ ዓይን አይደለም፤ በጣም የበራውንና በጣም የጨለመውን በአንድነት መያዝ ይቸግረዋል። አንሺው ብርሃኑን ለበራው መሬት ከመጠነ፥ ከባርኔጣ ሥር ያለው ፊት ጠቁሮ ይወጣል። ጓደኛችንም ይኸንን አምኖ የሰሊጥ አጫጆቹን ፊት በጥቁር ቀለም ሸፍኖታል። በጥቅምት ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ሲቆም ግን፥ ብጫ ገለባ የለበሰው መሬት የፀሐይን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ከአገጭና ከቅንድብ ሥር ያለው ጥላ ይሞቃል፥ ይቀላል እንጂ እንደ ጥላሸት አይሆንም። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የተነሣውን ሁለተኛውን የጎንደር አሣሣል ያየ ሰው ይኸንን ያውቀዋል። እዚያ ፊቶቹ ወደ ጠርዛቸው የሚደበዝዙት በቀላ ቡናማ ነው፤ ብርሃኑ ከየት እንደ መጣ ባይታወቅም ጥላው ሕይወት አለው።

የተጓዥ ምስል ቀለምን ሲያጎድል ይኸ የመጀመሪያው አይደለም። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ጄምስ ብሩስን ተከትሎ በመጣ ጊዜ የአገራችንን ዕፅዋት በውሃ ቀለም ሣለ፤ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በማግሥቱ ዓመት በመተማ አካባቢ በምትገኘው ራስ ኤል ፊል በኩል ወደ ስናር ወረደ። በ1790 መጽሐፉን ሲያሳትም ግን ሥዕሎቹ በመዳብ ተቀርጸው ያለ ቀለም ወጡ (የባሉጋኒም ድካም የሚገባውን ምስጋና አላገኘም)። ፈረንሳዊው ደላክሯ ግን በ1832 ሞሮኮን ሲጎበኝ ከንድፎቹ አጠገብ የቀለሞቹን ስም በቃል እየጻፈ ይዞ ተመለሰ። ኋላም ፎቶግራፍ ሲመጣ የሰውነትን ቅርጽ ከፎቶግራፍ ሣለ፤ ምስሉ ባለቀለም አልነበረምና ስለ ቀለም አልጠየቀውም። የዛሬው ፎቶግራፍ አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ቀለምን የሚያውቅ ይመስላል።

ከጓደኛችን ሥራዎች የተሳካው የዕጣን ዛፉ ነው። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ፥ እንደ ወረቀት የሚላጠው ቅርፊቱ በማለዳ ፀሐይ ከጎኑ በርቶ፥ ዕጣን ለማውጣት የተፋቀው ቦታም ቀላ ብሎ ይታያል። ቅርፊቱ ነጭ ሳይሆን በፀሐዩ በኩል ብጫ፥ በጥላው በኩል ሰማያዊ መሆኑን ያገኘው ከፎቶግራፉ ነው፤ ይኸ እውነተኛ ትምህርት ነው። ሰማዩን ግን እንደ ምስሉ ድፍን ሰማያዊ አደረገው። ሣሩ በሚቃጠልበት በየካቲት የቈላው ሰማይ አመድ ይመስላል፤ ምናልባት አንሺው በካሜራው ላይ ማጣሪያ መስተዋት ገጥሞ ይሆናል። ይኸንን ብንነግረው፥ «ፎቶግራፉ ላይ እንዲህ ነው» ብሎ መለሰልን።