ዳርዊን የጻፈውና የዘለለው የሕመም ታሪክ

ቻርልስ ዳርዊን በ1876 ከሜይ ወር መጨረሻ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እየተቀመጠ የሕይወቱን ታሪክ ጻፈ። ዕድሜው ያን ጊዜ 67 ነበር። የጻፈውም ለልጆቹና ለልጅ ልጆቹ ነበር። ስለ ዝግመተ ለውጥ ክርክር ለማወቅ የሚሻ አንባቢ ወደ ሌሎች ሥራዎቹ ቢሄድ ይሻለዋል። ይህች አነስተኛ መጽሐፍ ግን ስለ እንስሳት፣ ስለ ዘር ሐረግና ስለ ሕመም የምትለውንና የማትለውን ለይቶ ለሚያነብ የጤና ባለሙያ ብዙ ቁም ነገር አላት።

ስለ እንስሳት የሚናገረው ክፍል ሕያው ነው። በካምብሪጅ ተማሪ ሳለ በሁለት እጆቹ ሁለት ብርቅ ጢንዚዛዎች እንደያዘ ሦስተኛ ቢያይ አንዱን ወደ አፉ ከተተው፤ ጢንዚዛውም የሚያቃጥል ፈሳሽ ረጨበትና ተፋው። ከዚያ ቀደም በኤድንብራ ሕክምና ይማር በነበረበት ጊዜ ወፎችን ገፎና ሞልቶ የማቆየትን ሙያ ከአንድ ጥቁር ባለሙያ ተምሯል። የዚህን ሰው ስም መጽሐፉ አይጠቅስም፤ ከባርነት ነፃ የወጣው ጆን ኤድመንስተን መሆኑን የለዩት ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው። ሕክምናውን ግን አልገፋበትም። ማደንዘዣ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ሁለት ቀዶ ሕክምናዎችን ሊመለከት ገብቶ፣ አንደኛው በሕፃን ላይ የሚደረግ ነበርና፣ ሳያልቁ ሮጦ ወጣ፤ ተመልሶም አልገባም።

ከመጽሐፉ ሁሉ የላቀው ስለ አባቱ የተጻፈው ነው። ዶክተር ሮበርት ዳርዊን በሽሩስበሪ ከተማ ስመ ጥር ሐኪም ነበሩ፤ የእርሳቸው አባት ኢራስመስም እንዲሁ ሐኪም ነበሩ። ታዲያ እኒህ ሰው በመጀመሪያ ሙያቸውን አምርረው ይጠሉ ነበር። ደም ማፍሰስ ዋነኛ ሕክምና በነበረበት ዘመን በሽተኛ ሲደማ ማየት ይከብዳቸው ነበር፤ ቀዶ ሕክምናን ማሰብ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ድረስ ያንገሸግሻቸው ነበር። ችሎታቸው ሌላ ነበር። ሕመሟን በግልጽ መናገር ያቃታት ሴት ስትመጣ ጭንቀቷ የልብ መሆኑን ይረዱና ያንኑ ይነግሯታል፤ እርሷም የቤቷን ችግር ትዘረግፍላቸዋለች። የምታለቅስም ብትሆን «ተይ፣ አታልቅሺ» አይሏትም፤ ይልቁንም እንባዋ እንዲወጣላት ያበረታቷታል። ወዲያው ይበርድላትና የምትለውን ለመስማት ይችላሉ። ወረፋ በሚያጨናንቀው የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ለሚሠራ ባለሙያ ይህ ገጽ ከብዙ ገጾች ይበልጣል። ልጅ ስለ አባቱ ሲጽፍ ማሞገሱ የታወቀ ነው፤ ዳርዊን ግን እንደ ተመራማሪ አንድ ድርጊት ከነውጤቱ ስለሚመዘግብ አንባቢ ያምነዋል።

ይህን ያህል ስለ ማዳመጥ የጻፈው ሰው ስለ ራሱ ሕመም ሲደርስ ግን ቃላቱ ያጥራሉ። በ1831 ቢግል የተባለችው መርከብ እስክትነሣ በፕሊመዝ ሲጠብቅ ልቡ ይመታበትና ደረቱን ያመው ነበር። የልብ በሽታ ይዞኛል ብሎ ቢያምንም፣ ከጉዞው ይከለክሉኛል በማለት ሐኪም ሳያማክር ቀረ። የሐኪም ልጅና የሐኪም የልጅ ልጅ ምልክቱን ደብቆ ተሳፈረ ማለት ነው። ከጉዞው ከተመለሰ በኋላ ለዐሥርተ ዓመታት ስላሠቃየው ሕመም የሚነግረን ደግሞ እንግዳ ሲበዛበት መንቀጥቀጥና ማስታወክ ይነሣበት እንደነበር፣ በሽታው ዓመታቱን እንደ በላበት፣ ነገር ግን ከማኅበራዊ ጣጣ እንዳሳረፈው ነው። መቼ ጀመረ? ምን አባባሰው? ምን አስታገሠው? ካርድ ለሚሞላ ሰው መልስ የለም።

ይህ ክፍተት ብዙዎችን ለመላ ምት ጋብዟል። ዳርዊን በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ በማርች 1835 በአርጀንቲና ሜንዶሳ አቅራቢያ ሌሊት ላይ ስለወረሩት ትልልቅ ደም መጣጭ ትኋኖች ጽፏል። ከመምጠጣቸው በፊት ስስ፣ ከመጠጡ በኋላ ክብና ድፍን መሆናቸውን ሳይቀር መዝግቧል። ካርሎስ ሻጋስ በ1909 በስሙ የተጠራውን በሽታ ገለጸ፤ ጥገኛ ሕዋሱ ከብቶቻችንን ገንዲ ከሚያስይዙት ጋር አንድ ወገን ሲሆን፣ የሚተላለፈውም በእንዲህ ዓይነት ትኋኖች ዓይነ ምድር ነው። በ1959 ሳውል አድለር ዳርዊንን ያሠቃየው ይኸው ሳይሆን አይቀርም አለ። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ግን ከትኋኑ ቀድሞ በ1831 የነበረውን የልብ ምት አያስረዳም፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚነሣን ማስታወክም እንደዚሁ። አንድ ሌሊት የተገኘ ትኋን ብቻውን ዲያግኖሲስ አይሆንም። የሥነ ልቡና ችግር ነው ብለው የደመደሙትም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላቀረቡም።

ከሁሉ የሚከብደው ዝምታ የቤተሰቡ ነው። ዳርዊን በ1839 የአጎቱን ልጅ ኤማ ዌጅዉድን አገባ፤ ዐሥር ልጆች ወልደው ሦስቱን በሕፃንነታቸው ቀበሩ። በሕይወት ታሪኩ ግን የደረሰባቸው ብርቱ ሐዘን አንድ ብቻ እንደሆነ ይጽፋል፤ ይኸውም በ1851 በዐሥር ዓመቷ የሞተችው አኒ ናት። በ1842 በሦስት ሳምንቷ የሞተችው ሜሪና በ1858 በስካርሌት ፊቨር የሞተው የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን አልተቆጠሩም። የሚያዋልዱና ሕፃናትን የሚያክሙ ባለሙያዎች «ስንት ወልደሻል?» ሲሉ ተመሳሳይ መልስ ይገጥማቸዋል፤ «ስንት ሞተብሽ?» ተብሎ ካልተጠየቀ ቁጥሩ አይወጣም።

የዝምድና ጋብቻ ሥጋትም በመጽሐፉ የለም። ጋብቻን እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ በሚከለክል ባህል ያደገ አንባቢ ይህን ፈጥኖ ያስተውላል። ዳርዊን ሳያስብበት ቀርቶ አይደለም፤ በ1871ዱ የሕዝብ ቆጠራ ስለ ዘመዳሞች ጋብቻ ጥያቄ እንዲካተት በወዳጁ ጆን ላቦክ በኩል ጠይቆ የእንግሊዝ ፓርላማ አልተቀበለውም። ልጁ ጆርጅ በ1875 ባቀረበው ጥናት ጉዳቱን አነስተኛ አድርጎ አገኘው። በ2010 የታተመ የሁለቱ ቤተሰቦች የዘር ሐረግ ጥናት በዝምድና ጋብቻና በሕፃናት ሞት መካከል ግንኙነት ቢያሳይም፣ አኒን የገደላት ይህ ነው ለማለት አያስችልም። አባቷ ግን ይህን ጥርጣሬ በደብዳቤዎቹ እንጂ ልጆቹ በሚያነቡት ወረቀት ላይ አላሰፈረውም። ከሥጋቱ ባለቤቶች አንዱ አንባቢው ራሱ ሲሆን ዝም ማለት የሚያስወቅስ አይመስልም።

የመጽሐፉ የኋለኛ ክፍል የታተሙ ሥራዎቹን ዝርዝር የሚመስል ነውና ቢዘለል ጉዳት የለውም። ልጁ ፍራንሲስ በ1887 ያሳተመው ቅጂ፣ በተለይ ስለ ሃይማኖት የተጻፉት፣ ብዙ ስፍራ ላይ ተቆርጠውበታል። የልጅ ልጁ ኖራ ባርሎ ስድስት ሺህ ያህል ቃላት መልሳ ያወጣችው የ1958 እትም ነው መነበብ ያለበት።