ክብና ግማሽ ክብ በአራት ማዕዘን ውስጥ፤ በጂኦሜትሪ እንቆቅልሾች ላይ የቀረበ ሒስ

በተማሪዎች መካከል ከሚዘዋወሩት የጂኦሜትሪ እንቆቅልሾች ውስጥ፥ አራት ጐኑ እኩል በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ ክብና ግማሽ ክብ እየገጠሙ «የተቀባው ክፍል ስፋቱ ስንት ነው?» የሚሉት ይበዛሉ። እነዚህን ለመተቸት የተነሣነው ጨዋታን ጠልተን አይደለም፤ አሳብን የሚያሠራው የትኛው፥ ቀመርን በቃል ከማስደገም የማያልፈው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ስለሚገባ ነው።

ጐኑ 10 በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ አንድ ክብ ገጥሞ የማዕዘኖቹን ትርፍ መጠየቅ ከደካማው ወገን ነው። ከ100 ላይ 78.5 መቀነስ ብቻ ነውና። በአራቱ ጐኖች ላይ አራት ግማሽ ክቦችን ወደ ውስጥ ስሎ የአራቱን ቅጠሎች ስፋት መጠየቅ ግን ይሻላል። አራቱ ግማሽ ክቦች በድምሩ 157 ያህል ናቸው፤ አራት ማዕዘኑ ግን 100 ብቻ ነው። ትርፉ 57 ከየት መጣ ቢሉ፥ ቅጠሎቹ ሁለት ጊዜ ስለ ተቈጠሩ ነው። እንግዲህ ቅጠሎቹ 57 ናቸው ማለት ነው። አዲስ ቀመር አላስፈለገም፤ ማየት ብቻ በቃ።

ከሁሉ የምናስበልጠው «በዚሁ አራት ማዕዘን ውስጥ የሚገባው ትልቁ ግማሽ ክብ የቱ ነው?» የሚለውን ነው። ብዙ ሰው ዲያሜትሩን በአንዱ ጐን ላይ አጋድሞ «ራዲየሱ 5 ነው» ይላል። ነገር ግን ዲያሜትሩ ከሰያፉ ጋር ትይዩ ሆኖ ጫፎቹ ሁለቱን ጐኖች፥ ቅስቱ ደግሞ የቀሩትን ሁለቱን ቢነኩ፥ ራዲየሱና ራዲየሱ ለ1.414 ተካፍሎ በድምሩ 10 ይሆናሉ፤ ራዲየሱም 5.86 ይወጣል። ስፋቱ ከ39.3 ወደ 53.9 ያድጋል። ግማሽ ክቡ ሲዘነብል በአንድ ወገን የሚይዘው ቦታ ሲያንስ በሌላው ይበዛል፤ ስለዚህ ሁለቱ እኩል ከሚሆኑበት ከዚህ አቅጣጫ የተሻለ የለም። ከአራት ማዕዘን ጨርቅ ባለግማሽ ክብ ካባ የሚቈርጥ ሰው ይህን ቢያውቅ ከሲሶ በላይ ያተርፋል።

ጉድለቱ ግን እነዚህ ሁሉ ሥዕሎች አገር የሌላቸው መሆናቸው ነው። ከመንዝ፥ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ የመጣ ተማሪ ክብና አራት ማዕዘንን ከመጽሐፍ በፊት ያውቃቸዋል፤ በክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቅደሱ አብዛኛውን ጊዜ አራት ማዕዘን ነውና። ለምሳሌ መቅደሱ በየጐኑ 6 ሜትር፥ የቅድስቱ ክብ ግድግዳ ራዲየስ 7 ሜትር ቢሆን፥ ዕጣን እያጠነ የሚዞር ካህን በጐኑ መካከል 4 ሜትር መተላለፊያ ያገኛል፤ በማዕዘኑ ዘንድ ግን 2.76 ሜትር ብቻ። ይህ ከተቀባ ክፍል ይልቅ የሚጠየቅ ነገር ነው።

ደግሞ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «አባቶቻችን ይህን ሠርተዋልና ፓይን ያውቁ ነበር» ሲሉ እንሰማለን። ይህን አንቀበልም። ችካል ተክሎ ገመድ የሚያዞር ሰው ክብን ያለ ፓይ አሳምሮ ያወጣል፤ መሥራት አንድ ነው፥ ማስረዳት ሌላ ነው፤ አንዱ ሌላውን አያዋርደውም። በጃፓን ከ1603 እስከ 1868 (በፈረንጆች አቈጣጠር) በነበረው በኤዶ ዘመን የክብና የአራት ማዕዘን ጥያቄዎችን በእንጨት ሰሌዳ ሥለው በቤተ መቅደስ ይሰቅሉ ነበር፤ ሳንጋኩ ይባላሉ። በእኛ ዘንድ ያ የአእምሮ ትግል ለቅኔ፥ ቍጥሩም ለባሕረ ሐሳብ ተሰጠ። ግማሽ ክቡን ማዘንበል ሰሙን ትቶ ወርቁን እንደ መፈለግ ነው ብንል ከቅኔ ቤት የመጣው ባልንጀራችን አይቃወመንም።

የመንዝን ክብ የድንጋይ ቤት ጉዳይ ለመምህራን እናቅርብ። ዙሪያው 20 ሜትር የሆነ ግድግዳ አራት ማዕዘን ቢሠሩበት 25 ካሬ ሜትር፥ ክብ ቢሠሩበት 31.8 ካሬ ሜትር ይከባል። ከ3000 ሜትር በላይ በሚደርሰው ደጋ፥ ድንጋይ ተሸክሞ ለሚገነባና ለሚበርደው ሰው ይህ ትርፍ ቀላል አይደለም። ነገር ግን በዚያ ክብ ውስጥ የሚገባው ትልቁ አራት ማዕዘን 20.3 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። አልጋና ሣጥን ማዕዘን አላቸው፤ ቆርቆሮም ማዕዘን አለው፤ ሣር በቆርቆሮ ሲተካ ክብ ቤት ለምን እየተተወ እንደ ሄደ ከዚህ ልዩነት ጀምሮ መመርመር ይቻላል።